«ርችት እኮ ነው»

ባለፈው የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ፎቅ ጣሪያ ላይ ነበርን። ርችቱ ሲጀምር አንዱ ጓደኛችን ደረጃው ሥር ገብቶ ጆሮውን ይዞ ቁጭ አለ። ጦርነት ካየ አካባቢ የመጣ ልጅ ነው። እኔ ደግሞ እየሳቅኩ «አይዞህ፣ ርችት እኮ ነው!» አልኩት። ምንም አልመለሰልኝም።

ያቺ «እኮ» እስካሁን ትከነክነኛለች። አንድ ድምፅ ለእኔ ደስታ፣ ለሱ ሞት ከሆነ፣ «ርችት ነው» ብሎ የመወሰን መብቱ የማን ነው?

ጥያቄው ሳይለቀኝ ስለ ጃፓን ርችት ማንበብ ጀመርኩ። እነሱ «ሃናቢ» ይሉታል፤ የእሳት አበባ እንደማለት። በነሱ በጋ፣ በእኛ ክረምት፣ ሰው ዩካታ የሚባል ስስ ልብስ ለብሶ ወንዝ ዳር ምንጣፍ አንጥፎ ያየዋል። በናጋኦካ ከተማ ትልቁ ዝግጅት ኦገስት 2 እና 3 በሺናኖ ወንዝ ዳር ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ምሽት ነው። ኦገስት 1 ቀን 1945፣ በነሱ አቆጣጠር ከምሽቱ 10፡30፣ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከተማዋ ላይ ተቀጣጣይ ቦምብ ማዝነብ ጀመሩ። ከ1,480 በላይ ሰው ሞተ። ዛሬም በየዓመቱ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ነጭ ርችት ይተኮሳል። ስሙ «ሺራጊኩ» ነው፤ ጃፓኖች ለቀብር የሚያቀርቡት ነጭ አበባ።

መጀመሪያ ደነገጥኩ። እሳት ከሰማይ ለወረደባት ከተማ እሳት ወደ ሰማይ መተኮስ ጭካኔ አይደለም? ሳስበው ግን ደስታውን አልከለከሉትም፤ ተራ አስያዙት። መጀመሪያ ሐዘኑ፣ በማግስቱ ቀለሙ። እዚያም ቢሆን ድምፁን የማይችል ሰው ሊኖር ይችላል። ግን ለምን እንደማይችል ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ «ርችት እኮ ነው» የሚለው አይኖርም።

በሙያ አመሌ የሰዓት ልዩነቱን አሰላሁ። የነሱ የምሽት 10፡30 በእኛ ሰዓት ከቀኑ 10፡30 ነው። ቁጥሩ አንድ፣ ሰማዩ ሌላ። እኔና ጓደኛዬም ያን ምሽት እንደዚያው ነበርን፤ አንድ ጣሪያ ላይ፣ የተለያየ ሰማይ ሥር።

ዘንድሮ ዋዜማው ሳይደርስ ልጠይቀው አስቤያለሁ፦ «ርችት አለ። የት ብንሆን ይሻልሃል?»