የሚያምረው መኪናና የሚነዳው መኪና

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዊልሸርና ፌርፋክስ ጎዳናዎች የሚገናኙበት ጥግ ላይ ቀይ ግድግዳው በብረት ጥብጣብ የተጠቀለለ ሕንፃ አለ። ፒተርሰን የመኪና ሙዚየም ነው፤ በ1994 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ከዚያ በፌርፋክስ ወደ ደቡብ ለሚወርድ ሰው፣ በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ የተሰየመው ሰፈር አንድ ማይል እንኳ አይርቅም። ሙዚየሙ ውስጥ የቆሙት መኪኖች ዓይን ያፈዛሉ። ግን ጠዋት ጠዋት አስር ቁጥር ፍሪዌይ ላይ ተሰልፈው አይግሉም፤ በየጉድጓዱ ጎማ አይፈነዳባቸውም። ከሰፈሩ ምግብ ቤቶች ፊት የሚቆሙት መኪኖች ኑሮ ሌላ ነው።

ጥሩ ደመወዝ እጁ የገባ ወጣት ቅንጡ መኪና ቢመኝ ነውር የለበትም። በቀን ሁለት ሰዓት መሪ ጨብጦ የሚውል ሰው፣ ወንበሩ ወገቡን ቢደግፍለትና ጩኸቱ ቢቀንስለት ድካሙ ይቀላል። በዚህ ከተማ ታክሲና ሊሞዚን እየነዱ ልጆች ያሳደጉ አባቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። የሚያሳስባቸው ወጣቱ መመኘቱ አይደለም፤ አመራረጡ ነው።

ምርጫው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ያገለገለ መኪና ላይ ነው። አዲስ ሳለች 90 ሺህ ዶላር ያወጣች መኪና ከዓመታት በኋላ 30 ሺህ ተብላ ትቀርባለች እንበል። ወጣቱ ሒሳቡን ከአዲስ ካምሪ ዋጋ ጋር ያስተያይና «ያው አይደል!» ይላል። ያው አይደለም። መኪናዋ ትርከስ እንጂ መለዋወጫዋ አልረከሰም። በአየር የሚሠራው ሰስፔንሽን፣ ካሜራና ሴንሰር የተሞላው መከላከያ፣ የፊት መብራቱ፣ ሁሉም ዛሬም የሚጠገኑት በ90 ሺህ ዶላር መኪና ዋጋ ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ዋስትናው ሳያልቅ ሸጧት ሄዷል፤ የጥገናው ወጪ የሚጀምረው ሁለተኛው ሰው እጅ ላይ ነው።

ይህ ማለት ያረጀ ቅንጡ መኪና ሁሉ ወጥመድ ነው ማለት አይደለም። የቶዮታው ሊቀመንበር ኤጂ ቶዮዳ በ1983 ከአውሮፓ ምርጦች ጋር የሚወዳደር መኪና እንዲሠራ ካዘዙ በኋላ፣ ባለሙያዎቹ በ1985 ወደ ካሊፎርኒያ መጥተው ከሎስ አንጀለስ በስተደቡብ ላጉና ቢች ውስጥ ቤት ተከራዩ። የሀብታሙን አሜሪካዊ አኗኗር ያጠኑ ነበር። የዚህ ሥራ ውጤት የሆነችው ሌክሰስ ኤል ኤስ 400 በ1989 ገበያ ላይ ወጣች፤ ዋጋዋ ወደ 35 ሺህ ዶላር ነበር። የመኪና ጋዜጠኛው ማት ፋራህ ደግሞ የ1996 ኤል ኤስ 400 ገዛ፤ ሲገዛት 900 ሺህ ማይል ገደማ ተነድታ ነበር። በ2019 አንድ ሚሊዮን ማይል ሞላች።

ባለሙያዎቹ መኪናዋን ከመንደፋቸው በፊት ነጂውን አጠኑ። ወጣቱም ወደ ሻጩ ከመሄዱ በፊት የራሱን አንድ ወር ያጥና፤ በቀን ስንት ማይል እንደሚነዳ፣ የት እንደሚያቆም፣ ከኋላ ወንበር ማን እንደሚቀመጥ ይጻፍ። እናቱን በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስ ልጅ ዝቅ ብላ የተሠራች ስፖርት መኪና ምን ያደርግለታል? የእናቲቱን ጉልበትም ያስብ።

ቤንዚኑ በወረቀት ሲሰላ የሚያስደነግጥ ነው። ሰባተኛው ትውልድ ሌክሰስ ኢ ኤስ 300 ኤች ዲቃላ ሞተር ስላላት በተራ ቤንዚን በጋሎን 44 ማይል ያህል ትሄዳለች። መርሴዲስ ኤስ 580 ፕሪሚየም እየጠጣች 20 ገደማ ነው የምትሄደው። በዓመት 15 ሺህ ማይል ለሚነዳ ሰው የመጀመሪያዋ 340 ጋሎን፣ ሁለተኛዋ 750 ጋሎን ይሆናል ማለት ነው፤ ያውም ዋጋው በሚበልጠው ቤንዚን።

ኢንሹራንሱም አለ። ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በሌላ ሰው ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚጠየቀውን ዝቅተኛ ሽፋን ከ5 ሺህ ወደ 15 ሺህ ዶላር አሳድጋለች። ይህ ግን የሌላውን እንጂ የራስን መኪና አያስጠግንም፤ ቅንጡ መኪና የያዘ ሰው ሙሉ ሽፋን ያስፈልገዋል። ስለዚህ መኪናዋን ከመውደዱ በፊት የሻሲ ቁጥሯን ለኢንሹራንሱ ሰጥቶ ዋጋ ይጠይቅ። ሲገዛም ሻጩ የማያውቀው መካኒክ ከሥር አንስቶ ይያት፤ የጥገና መዝገብ የሌላት መኪና ላይ፣ ምንም ያህል ብታብረቀርቅ፣ ልብ አይጣል።

«ስትሰለቸኝ አገር ቤት እልካታለሁ» የሚለው ሐሳብም አብቅቷል። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች።

ቀሪው የማቆሚያው ጉዳይ ነው። በፌርፋክስ ዙሪያ ያሉት አሮጌ አፓርታማዎች ጋራዣቸው ጠባብ ነው። የኤስ ክላስ መርሴዲስ 5 ሜትር ከ29 ሳንቲ ገደማ ይረዝማል፤ ያቺ ኢ ኤስ ከእሱ በ30 ሳንቲ ያህል ታጥራለች። ወጣቱ ውሉን ከመፈረሙ በፊት ባለው ምሽት ሜትር ይዞ ወደ ጋራዡ ይውረድ፤ ሲለካም በሩ ተከፍቶ ሰው የሚወጣበትን ቦታ አይርሳ።