ትልቁ ወይስ ፈጣኑ?

በቤንዚን ዘመን ገንዘብ ያለው ሰው በዚህ ጥያቄ ብዙም አልተጨነቀም። ጉልበት የሚገኘው ከትልቅ ሞተር ነበር፤ ትልቅ ሞተር ውድ ነበር፤ ውድ ሞተር የሚገጠመውም አብዛኛውን ጊዜ ውድ መኪና ላይ ነበር። ስለዚህ ከአንድ ፋብሪካ ከሚወጡት መኪኖች ትልቁ በስፋቱም፣ በምቾቱም፣ በፍጥነቱም ታናናሾቹን ይበልጥ ነበር። ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙትን የስፖርት መኪኖች እንተዋቸው፤ እነሱ የሌላ ዓለም ናቸው። ለተራው ገዢ «ምርጡ የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ከዋጋ ዝርዝሩ አናት ላይ ይገኝ ነበር።

የኤሌክትሪክ ሞተር ይህን ጥምረት ፈታው። ዙር እስኪያገኝ፣ ማርሽ እስኪቀየርለት አይጠብቅም፤ ፔዳሉ እንደተረገጠ ኃይሉን ከዜሮ ጀምሮ ይሰጣል። ቴስላ በፈረንጆቹ 2012 ሞዴል ኤስን፣ በ2017 ደግሞ አነስና ረከስ ያለውን ሞዴል 3ን ለገዢ አቀረበ። በዚያ ዓመት የቴስላው አለቃ ኢላን መስክ ራሱ «ሞዴል 3 የኤስ ተተኪ አይደለም፣ ታናሹ ነው» የሚል ማስተባበያ ደጋግሞ ለመስጠት ተገዷል፤ ሰዉ አዲስ ሲባል የተሻለ ብሎ ይሰማ ነበርና። ይሁን እንጂ በ2018 ፐርፎርማንስ የተባለው ሞዴል 3 ሲመጣ ማስተባበያው አልረዳም። ታናሹ ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 60 ማይል ለመድረስ 3.5 ሰከንድ ያህል ይበቃው ነበር። በዚያው ጊዜ ይሸጥ የነበረው 75ዲ የተሰኘው ሞዴል ኤስ 4.2 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ታላቁ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ የኋላ ወንበሩ ይሰፋል፣ ዕቃ መጫኛውም የትየለሌ ነው፤ ግን ይቀደማል።

እንግዲህ አንድ ሰው በሁለቱ መካከል ቆሞ ያመነታል እንበል። ምናልባት እኩል ሆነውበት ይሆን? ፈላስፎች ይህን የሚፈትኑበት ቀላል መንገድ አላቸው። ሁለት ነገሮች በእውነት እኩል ከሆኑ፣ በአንደኛው ላይ ጥቂት ብልጫ ሲታከል ሚዛኑ ወዲያው ማጋደል አለበት። ሻጩ «ከትልቁ ላይ 500 ዶላር ቀንሼልሃለሁ» ቢለው የሰውየው ጭንቀት ያበቃል? አያበቃም፤ እንደ ቀድሞው ሲያመነታ ያመሻል። ስለዚህ አንዱ ከሌላው አይበልጥም፣ እኩልም አይደሉም። ፈላስፋው ጆሴፍ ራዝ ስለ ነፃነትና ግብረ ገብ በ1986 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያሉትን በአንድ መስፈሪያ የማይሰፈሩ ያደርጋቸዋል። ሌላዋ ፈላስፋ ሩት ቻንግ ግን መነጻጸርማ ይነጻጸራሉ ባይ ናት፤ ከመብለጥ፣ ከማነስና ከእኩልነት ሌላ አራተኛ ዝምድና አለ፣ እሱም አቻነት ነው። እዚያ ላይ የማስረጃ ሥራ አልቋል፤ የሚቀረው ሰውየው ከየትኛው ምክንያት ጋር እንደሚወግን ራሱ መወሰኑ ነው።

በዚህ እስማማለሁ፤ ውሳኔው ላይ ግን ትንሽ የተቸኮለ ይመስለኛል። ከየትኛው ምክንያት ጋር ልወግን ከማለት በፊት ምክንያቱ የማን ነው ብሎ መጠየቅ ይቻላልና።

ፍጥነት የአንድ ሰው ደስታ ነው። መሪ የያዘው ሰው መኪናው መቼ እንደሚፈተለክ ያውቃል፤ ሰውነቱ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። አጠገቡ የተቀመጡት እናቱ ግን አያውቁም። አንገታቸው ወደ ኋላ ይላል፣ እጃቸው የሚጨብጠው ይፈልጋል፣ «ኧረ ቀስ ልጄ!» ይላሉ። ከኋላ ሆኖ ስልክ የሚያየው ልጅ ሆዱ ይታወካል። የኋላ ወንበር ስፋት ደግሞ በተቃራኒው ለከፋዩ ምንም አያደርግለትም፤ የሚመቸው ለሌላ ሰው እግር ነው። አንዱን የሚገዛ ለራሱ፣ ሌላውን የሚገዛ በከፊል ለሰው ይገዛል። ይህ በሠንጠረዥ ላይ አይታይም።

ትልቁ ግን በዚህ ብቻ አይጸድቅም። ለውስጥ የሰጠውን ስፋት የሚወስደው ከውጪ ነው፤ ከመንገዱና ከመኪና ማቆሚያው። ቅንጦት ደግሞ ከስፋት ሌላ ጣጣ አለበት። ኢኮኖሚስቱ ቶርስቴን ቬብለን በ1899 እንዳተተው ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለመጠቀም ብቻ ሳይሆን እንዲታይለትም ነው። ሆኖም ትንሹንና ፈጣኑን የመረጠ ሰው ከዚህ ነፃ የወጣ እንዳይመስለው። 3.5 ሰከንድ ከሚነዳው ይልቅ የሚወራው ይበዛል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ የደረሱበት ግኝትም ለሁለቱም ገዢ የሚያጽናና አይደለም። ባለ ውድ መኪኖች ስለ መኪናቸው በጥቅሉ ሲጠየቁ የበለጠ ደስታ ይናገራሉ፤ በቅርብ ስላደረጉት አንድ ጉዞ ሲጠየቁ ግን የመኪናው ዋጋ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አያመጣም። መንገድ ላይ ያለ ሰው ሐሳቡ መኪናው ላይ ሳይሆን የቀጠሮው ሰዓት ላይ ነው።

ኢትዮጵያ በራሷ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ጥያቄው ለአዲስ አበባ ገዢም ቀርቧል። በከተማው መጨናነቅ ውስጥ 3.5 ሰከንድ ምን እንደሚሠራ ለእኔ አይገባኝም። በአንጻሩ ዋሽንግተን ዙሪያ ባለው ፈጣን መንገድ ላይ፣ ከጎን ገብቶ ከሌሎች ጋር ለመቀላቀል ጉልበት እንደሚጠቅም አውቃለሁ፤ ነገር ግን ለዚያ ተራ የሚባለው የኤሌክትሪክ መኪናም ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ፍጥነት ጨዋታ ነው። ጨዋታ ነውር የለበትም፤ ስሙ ግን ጨዋታ ይባል።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ ብቻውን የሚነዳ ሰው ትንሹን ይግዛ፣ ይደሰትበት፤ ሌሎችን ይዞ የሚነዳ ትልቁን። ከየትኛው ወገን መሆናችሁን ካላወቃችሁ፣ ለሙከራ ስትሄዱ ቁልፉን ለሌላ ሰው ስጡና ከኋላ ወንበር ተቀመጡ።