ስለ ምን ታመመች?

ሰው መከራን ባየ ጊዜ ምክንያቱን መጠየቅ ልማዱ ነው። ነገር ግን «ስለ ምን?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የሐኪም፥ ሁለተኛው የዳኛ ነው። እነዚህን ለይቶ የማያውቅ ሰው ሊያጽናና ሄዶ አቍስሎ ይመለሳል።

የሐኪም ጥያቄ የሚጠቅም ነው። የአንጀት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ በትልቁ አንጀት ውስጠኛ ገጽ ላይ ከምትበቅል ትንሽ እባጭ ይጀምራል፤ በቶሎ ካልተገኘም ወደ ጉበትና ወደ ሌላው አካል ይዛመታል። ቀድሞ የሽማግሌዎች ደዌ ይመስል የነበረው ይህ ሕመም በወጣቶች ላይ እየበዛ ስለ ሄደ፥ በአሜሪካ የምርመራው መጀመሪያ ዕድሜ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. ከ50 ወደ 45 ዓመት ዝቅ እንዲል ተመክሯል። እንዲህ ያለው ዕውቀት ሕይወትን ያድናል።

የዳኛ ጥያቄ ግን «ምን ብትበድል ነው? እምነቷስ ምን ቢጐድል ነው?» የሚል ነው። ይህም ጥያቄ እጅግ የሚከብደው ሕፃን ልጅ ታቅፎ ለታመመ ወላጅ ነው።

በአሜሪካ በዱክ ዩኒቨርሲቲ የክርስትናን ታሪክ የምታስተምር ኬት ቦውለር የምትባል ሴት፥ የሚያምን ሰው ጤናና ሀብት አይጐድልበትም ስለሚሉ ሰባኪዎች መርምራ በዚያው አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳተመች። በ2015 ዓ.ም. በ35 ዓመቷ አራተኛ ደረጃ የደረሰ የአንጀት ካንሰር ተገኘባት፤ በዚያን ጊዜ ሕፃን ልጅ ነበራት። ከጎረቤት ሰው መጥቶ ሁሉ ነገር ምክንያት አለው ብሎ ለባሏ ቢነግረው፥ ባሏ እንግዲያስ ምክንያቱን ልስማው አለ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ የሁለት ልጆች እናት የነበረችው መምህርት ዴቦራ ጄምስ በ2016 ዓ.ም. ይኸው ሕመም ተገኘባት፤ በ2022 ዓ.ም. በ40 ዓመቷ ዐረፈች። ኬት ቦውለር አዲስ መድኃኒት ሲሞከር ገብታ በሕይወት ቈየች፤ መድኃኒቱም የሚሠራው እባጩ የተለየ ጠባይ ሲኖረው ብቻ ነው። እንግዲህ የሁለቱን እናቶች እምነት በሚዛን አስቀምጦ ይህችኛዋ ስላመነች ዳነች፥ ያችኛዋ ስላላመነች ሞተች ብሎ የሚፈርድ ማን ነው?

እንዲህ ያለው ፍርድ በታማሚዋ ዘንድ አይቀርም፤ ልጇ ይወርሰዋል። «እምነት ጐድሏት ሞተች» ሲባል ሰምቶ ያደገ ልጅ፥ እናቱን ሁለተኛ ጊዜ ይቀብራታል። «ልጇን ሊያስተምርበት ነው» ቢባልም፥ ለሞቷ ምክንያቱ እኔ ነኝ ብሎ ይኖራል። ሕፃናት ማንም ሳይነግራቸው እንኳ የወላጃቸው ሕመም በጥፋታቸው የመጣ ይመስላቸዋልና። ስለዚህ ወላጅ ለልጁ የሚገባው ዕዳ ምክንያት ሳይሆን እውነት ነው፤ ይኸውም የሕመሙ ስም፥ ጥፋቱ የልጁ አለመሆኑ፥ ነገም የሚያበላውና የሚያለብሰው ሰው መኖሩ ነው።

ምክንያቱ ያልታወቀ መከራ ተስፋ ያስቈርጣል የሚል አይታጣም። ነገር ግን በእግዚአብሔር ማመን ሌላ ነው፥ የእግዚአብሔርን ምክር ዐውቄአለሁ ማለት ሌላ ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት በምድር ላይ ሲቀመጡ መልካም አደረጉ፤ ስሕተታቸው የጀመረው አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ነው። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ኃጢአት ደቀ መዛሙርቱ በጠየቁ ጊዜም ጌታ የእርሱም የወላጆቹም ነው አላለም፤ ዓይኑን አበራለት እንጂ።

በኢትዮጵያ ሕመምተኛ የሚጠይቅ ሰው «እግዚአብሔር ይማርሽ» ይላል። ይህ ቃል ምሕረትን ይለምናል እንጂ በደልን አይመረምርም። ይህን ብሎ ከዚያ በኋላ ዝም የሚል፥ ልጁን አዝሎ የሚያስተኛ፥ ወጡንም ሠርቶ የሚሄድ ጠያቂ፥ ከብዙ ቃል የበለጠ መጽናናትን ትቶ ይሄዳል።