አህያዋ፣ ሰርዶውና አደራ
ሰርዶ መሬት ለመሬት የሚሳብ ሣር ነው። ግንዱ አፈሩን ተጠግቶ ይሄዳል፤ በየአንጓው ሥር ይሰዳል፤ ከዚያው አንጓ ላይ ደግሞ አዲስ ቅጠል ያወጣል። አንጓው አንዴ ሥር ከያዘ፣ የወጣበት ግንድ ቢቆረጥም ቢደርቅም ራሱን ችሎ ይኖራል። አማርኛ ተናጋሪው ይህን ሣር አብዝቶ የሚያነሳው በተረት ነው፤ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» ይባላል። ተረቱ በራስ ወዳድ ላይ ይወርወር እንጂ ውስጡ ከባድ ጥያቄ አለ። ሰው እሱ ካለፈ በኋላ ለሚበቅለው ነገር ግድ ሊለው የሚገባው ለምንድን ነው? ውለታውን ሊመልሱለት ለማይችሉ፣ ገና ላልተወለዱ ሰዎች ዕዳ አለበት ወይ?

ጥያቄውን ከመመለሳችን በፊት ሣሩን ራሱን እንየው። ሰርዶን በግቢ ለማልማት ዘር መግዛት አያስፈልግም። ሁለት ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ ከጎረቤት ተለምኖ ይመጣል፤ አፈሩ በራሰበት ሰሞን በጣት በተጫረ ቦይ ይጋደማል፤ አፈር ለበስ ተደርጎ በእግር ይረገጣል። ፀሐይ ይወዳል፤ ጥላ ሥር ይመነምናል። በባሌ፣ የሮቤ ከተማ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጎባ ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። ስለዚህ በደጋው ሌሊት ውርጭ ሲመታው ቅጠሉ ይገረጣል፤ ሥሩ ግን ከአፈር ሥር ይቆይና በበልግ ዝናብ ያቆጠቁጣል። ብርዱ ለሚበረታበትና ውሃ ለሚተኛበት ቦታ ማገጥ የሚባለው ተክል ይሻላል። በባሌ የስንዴ ማሳ ውስጥ ሲገባ ግን ሰርዶ ክፉ አረም ነው፤ ማረሻ የቆራረጠው አንጓ ሁሉ መልሶ ይበቅላልና። የአህያዋ ምኞት ከንቱ መሆኑ እዚህ ላይ ይታያል።

ያም ሆኖ ምኞቷን በንቀት ማለፍ አይገባም፤ በመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 2 ላይ የእሷን የሚመስል ምሬት ከጠቢብ አፍ ይሰማል። ሰባኪው አትክልት መትከሉን፣ ለማጠጫም ኩሬ ማስቆፈሩን ይናገርና የደከመበትን ሁሉ ከእሱ በኋላ ለሚመጣ ሰው መተዉ ያንገበግበዋል፤ ወራሹ ጠቢብ ይሁን ሰነፍ አያውቅምና። ሐዘኑ እውነተኛ ነው። ፍትሕ ማለት ሰጥቶ መቀበል ብቻ ከሆነ ደግሞ መልስ የለውም፤ ሟች ከሚመጣው ትውልድ የሚቀበለው ነገር የለም።

መልሱ የሚገኘው አደራ በሚባለው ነገር ውስጥ ይመስላል። አደራ የተቀበለ ሰው ግዴታው የሚጸናው ባለቤቱ አጠገቡ ስላለ አይደለም፤ እንዲያውም አደራ የሚከብደው ባለቤቱ በሌለበት ነው። «ያልተወለደ ሰው መብት የለውም» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ጉልበቱን ያጣል፤ ግዴታው ያለው በያዡ ላይ ነውና። ጀርመን ተወላጁ ፈላስፋ ሃንስ ዮናስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፉ ከዚህ የሚቀራረብ ሐሳብ አቅርቧል። ለዮናስ የኃላፊነት ዋና ምሳሌ ገና የተወለደ ሕፃን ነው፤ ሕፃኑ ምንም ሳይከፍል ወላጁን ያስገድዳል።

ሃይማኖት ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ከነቢዩ ሙሐመድ በተላለፈ ሐዲስ፣ የዓለም ፍጻሜ ሲደርስ በእጁ የተምር ችግኝ የያዘ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክል ታዟል። ፍሬውን የሚበላ ወራሽ በሌለበት ሰዓት እንኳ መትከል ግዴታ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው፤ የሰባኪው ምሬት ከዚህ የበለጠ መልስ አላገኘም። በኦሮሞ ባህል ደግሞ ሰርዶ ጮቆርሳ ይባላል፤ በምርቃትና በሥርዓት ቦታ አለው። በኢሬቻ በዓል ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ውሃ ዳር ወርዶ ዋቃን ያመሰግናል። ዝናብ ለሰጠ አምላክ ብድር መመለስ አይቻልም፤ ሊደረግ የሚችለው የተሰጠውን ሳያበላሹ ለተከታዩ ማሳለፍ ነው።

ከጎባ በላይ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የሳነቴ አምባ፣ ጥያቄው ከግቢ ሣር ይሰፋል። እዚያ መሬቱን የሚያለብሱት አልኬሚላን የመሳሰሉ ዝቅተኛ ዕፅዋት ናቸው። ፍልፈል ከሥራቸው ይቆፍራል፤ ቀይ ቀበሮ ፍልፈሉን ያድናል። ይህ የዕፅዋት ልብስና በአምባው ያለው ረግረግ የዝናቡን ውሃ ይዘው ቀስ እያሉ ይለቁታል። ከባሌ ተራሮች የሚነሳው የወይብ ወንዝ የሶፍ ዑመርን ዋሻ አቋርጦ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ውሃው የሚሄድበት ተፋሰስ የጁባ ሲሆን እስከ ሶማሊያ ይዘልቃል። በታች ያለው ጠጪ በላይ ያለውን እረኛ አያውቀውም።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ፓርኩ ውስጥ ግን ሰው ይኖራል፤ ከብትም ይሰማራል። ለልጆቹ ወተት ሲል ላሞቹን ወደ ረግረጉ የሚነዳ አባወራ የአህያዋን ቃል አልተናገረም፤ እሱም የሚያስበው ለተከታዮቹ ነው። ስለዚህ ተራራውን የመጠበቁን አደራ በእሱ ትከሻ ላይ ብቻ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ውሃውን የሚጠጣው የቆላ ከተማ፣ ከተራራው ቱሪስት ገቢ የሚያገኘው መንግሥትና ቅርሱን የመዘገበው ዓለም ሁሉ ከአደራው ተካፋዮች ናቸው፤ ግጦሹ ሲቀነስ የሚደርሰውን ኪሳራም አብረው ሊሸከሙ ይገባል።