ደብዳቤው ለማን ተጻፈ?



በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናገኘው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስ በቀረበው ጊዜ ይህ ቃል ለእኔ ምን ያስገኝልኛል ብሎ አልጠየቀም፤ ነቢዩ የሚናገረው ስለ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ፈለገ እንጂ። ስለ ራሱ ከመጠየቁ አስቀድሞ ስለ ንባቡ ጠየቀ። ያ ጥያቄ ወደ ክርስቶስ፥ ከዚያም ወደ ጥምቀት አደረሰው።

አበው «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። ቅዱስ መጽሐፍን ከሥሩ አለመያዝ የሚያስከትለውን ጉዳት በአንድ ጥቅስ እንመልከት።

ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 29 ቁጥር 11 በከተማችን እጅግ የታወቀ ቃል ነው። በታክሲ መስተዋት፥ በቤት ግድግዳ፥ በምረቃ ካርድ ላይ ተጽፎ እናየዋለን። እግዚአብሔር ለሕዝቡ ያለው አሳብ የሰላምና የተስፋ መሆኑን ይናገራል። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከወላጆቻቸው ተሰናብተው ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ እኅቶች ይህንኑ ቃል ስንቅ አድርገው ይይዙታል። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን «ጉዞሽ ይሳካል፤ በሁለት ዓመት ውል ቤተሰብሽን አቋቁመሽ ትመለሻለሽ» ማለት ነውን? ደመወዝዋን የተከለከለች፥ ጤናዋን አጥታ ባዶ እጅዋን የተመለሰች እኅት «እግዚአብሔር የገባልኝን ቃል አልጠበቀም» ብትል ምን ይመለስላታል? እምነትዋን የሰበረው ቃሉ አይደለም፤ ቃሉ ከቦታው ተነቅሎ መሰጠቱ ነው።

ይህ ቃል የአንድ ደብዳቤ ክፍል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ንጉሡን ኢኮንያንን፥ እናቱን፥ መኳንንቱንና የእጅ ጥበብ ዐዋቂዎችን ማርኮ ወሰደ። በኢየሩሳሌም የቀረው ኤርምያስ ለምርኮኞቹ ደብዳቤ ጻፈላቸው። ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍ 28 ሐናንያ የተባለው ነቢይ ኢኮንያንና ምርኮኞቹ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚመለሱ ለሕዝቡ ሰብኮ ነበር። ኤርምያስ ግን ምርኮው 70 ዓመት እንደሚቆይ ነገራቸው፤ ስለዚህ ቤት እንዲሠሩ፥ አትክልት እንዲተክሉ፥ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፥ ለተማረኩባትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ መከራቸው። ደብዳቤውን ከሰሙት ጎልማሶች አብዛኞቹ የመመለሻውን ቀን በዓይናቸው ሊያዩ አይችሉም ነበር።

ደግሞም የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ለአንተ» ወይም «ለአንቺ» ሳይሆን «ለእናንተ» እንደሚል ልብ እንበል። ተስፋው የተሰጠው ለሕዝብ ነው፤ አያት ያልደረሰበትን የልጅ ልጅ ይወርሰዋል።

እንግዲህ ቃሉ አነሰብንን? አላነሰም፤ እጅግ ከበረ እንጂ። ጉዞው ለሰመረለት ብቻ የሚሆን ቃል፥ ያልሰመረለትን ብቻውን ይተወዋል። የኤርምያስ ደብዳቤ ግን አስቀድሞ የተላከው ሁሉን ላጡት ነው። ባዶ እጅዋን የተመለሰችው እኅታችን ከተስፋው ውጭ አይደለችም፤ ደብዳቤው እንደ እርስዋ ላዘኑት የተጻፈ ነው። ቃሉ ለብዙዎች የተሰጠ እንደ መሆኑም፥ ሸክምዋን መሸከም የምእመናን ሁሉ ግዴታ ይሆናል። እንዲሁም ከመሐል ከተማ ተነሥተው በአያት፥ በሰሚትና በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የገቡ ቤተሰቦች አሉ። ምርኮኞች ባይሆኑም፥ የለመዱትን ጎረቤትና ዕድር ትቶ በአዲስ ሰፈር እንደ ገና መጀመርን ያውቃሉ። የሰፈራችሁን ሰላም ፈልጉ፥ ሥር ስደዱ የሚለው ምክር ለእነርሱም ይደርሳል።

«መንፈስ ቅዱስ ያስረዳኛል፤ ታሪክ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ፊልጶስን ወደ ሠረገላው የላከው ራሱ መንፈስ ቅዱስ መሆኑን ያስታውስ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ስለ መለኮታዊ መገለጥ በሚናገረው ሰነድ ቁጥር 12 ላይ፥ አንባቢ የቅዱሳን ጸሐፊዎችን አሳብ፥ የዘመናቸውን ሁኔታና የአጻጻፋቸውን ዓይነት እንዲመረምር ያስተምራል፤ ከዚህም ጋር የመላውን መጽሐፍ አንድነትና የቤተ ክርስቲያንን ሕያው ትውፊት እንዲመለከት ያሳስባል። ይህ ለአገራችን እንግዳ ትምህርት አይደለም። የአንድምታ መምህራን ንባቡን ብቻ አሰምተው አያልፉም፤ ትርጓሜውን፥ ሲያስፈልግም ታሪኩን ያክሉበታል።

ስለዚህ፥ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፥ አንድን ጥቅስ ለሕፃናትም ሆነ ለአዋቂዎች ከማስተማራችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ማን ለማን ተናገረው? በምን ዘመንና በምን ጭንቅ ውስጥ? ከፊቱና ከኋላው ምን ተጽፎአል? ከቅዱስ መጽሐፍ ሁሉና ከቤተ ክርስቲያን እምነት ጋር እንዴት ይስማማል? ከእነዚህ በኋላ ለእኛ ዛሬ ምን ይላል የሚለው ጥያቄ በጊዜው ይመጣል። መልመጃ እንዲሆናችሁም የኤርምያስን ምዕራፍ 28 እና 29 በአንድነት፥ በአንድ ጉባኤ አንብቡ። የሐናንያ ቃል ለጆሮ የጣፈጠ ነበር፤ ጸንቶ የቆመው ግን የኤርምያስ ነው።

በኤማሁስ መንገድ ለሁለቱ ደቀ መዛሙርት መጻሕፍትን የተረጐመላቸው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ለእኛም አእምሮአችንን ይክፈትልን፤ በባዕድ አገር ያሉትን ልጆቻችንን ይጠብቅልን። አሜን።