የአባቶችን ዛፍ ስለ መጠበቅና ለልጆች ስለ መትከል

አንባቢ ሆይ፤ ከዳንግላ ተነሥተህ በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ እንጅባራ ስትሄድ ግራና ቀኝህን ተመልከት። በእርሻው መካከል ጥቅጥቅ ያለ ዱር ብታይ፥ በውስጡ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ሳትጠይቅ ታውቃለህ። የቀረው አገር ለእርሻና ለማገዶ ሲመነጠር ጽዱና ወይራው፥ ኮሶውና ዝግባው በዚያ የተረፈው፥ አባቶቻችን የእግዚአብሔርን ቤት ዐጸድ መቍረጥ ነውር ነው ብለው ስለ ፈሩ ነው። ይህ ፍርሃት መልካም ነበረ፤ እኛም እስከ ዛሬ በጥላው እንቀመጣለን።

ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። አባቱን የሚያከብር ልጅ ማን ነው? አባቱ የተወለትን ሳይቈርጥ የሚጠብቅ ነውን? ወይስ እንደ አባቱ ደግሞ ለሌላ የሚተው? ብዙዎቻችን የፊተኛው ይበቃል እንላለን።

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉ ኢትዮጵያዊ የደን ሊቅ፥ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2007 ባወጡት ጥናት፥ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ አገኙ። እጅግ ያማረ ሀብት ነው። ነገር ግን ከብት በሚገባበት ደን ቡቃያው እየተበላና እየተረገጠ እንደማያድግ ደግሞ አስረዱ። ወደ ላይ ለሚያይ ደኑ ሕያው ነው፤ ወደ ታች ለሚያይ ግን ወራሽ የለውም። ጥናቱ የጎንደር ነው፤ ይሁን እንጂ በአዊም በሬ ሣርን ከቡቃያ አይለይም።

ስለዚህ ማንም ምሳር ሳያነሣ፥ በደልሁ የሚልም ሳይኖር፥ ደን ሊጠፋ ይችላል። ዛፍ የሚጠፋው በመቈረጥ ብቻ አይደለም፤ ተተኪ በማጣትም ነው። የምእመናንም ጉባኤ እንዲሁ ነው።

የዛጕዌ ነገሥታት ከአገው ወገን እንደ ነበሩ ሰምተሃል። መንግሥታቸው በ1262 ዓ.ም. አለፈ፤ በላሊበላ ከዐለት በተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት ግን እስከ ዛሬ ይቀደሳል። ያን ዐለት የፈለፈሉ ሰዎች ስለ ራሳቸው ዘመን ብቻ አስበው ቢሆን ኖሮ ጭቃና ሣር በበቃቸው ነበር። እኛ በእነርሱ ሥራ እየተመካን ለሚመጣው ሰው ምንም ሳናዘጋጅ ብንቀር፥ ስማቸውን ወሰድን እንጂ ልባቸውን አልወረስንም። ጌታችንም የነቢያትን መቃብር እያስጌጡ የነቢያትን መንገድ የተዉትን ሰዎች ገሥጾአቸዋል።

ይስሐቅን ግን አስብ። በጠላት እጅ በአፈር የተደፈነውን የአባቱን የአብርሃምን የውኃ ጕድጓድ ዳግመኛ አስቈፈረ፤ አባቱ ያወጣለትን ስም አልለወጠም። በዚያም አላቆመም፤ አዲስ ጕድጓድ ደግሞ አስቈፈረ። አሮጌውን መክፈቱ ለአባቱ ክብር ነበረ፤ አዲሱን መቈፈሩም ለልጆቹ ሕይወት። አንዱ ሌላውን አልከለከለውም።

ምናልባት፦ እኛስ መትከልን መቼ ተውን? ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው ከአውስትራልያ የመጣውን ዲከረንስ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ሲተክል ኖሮአል፤ በ4 ወይም በ5 ዓመት ቈርጦ ሲያከስለው፥ በዋጋውም ቤቱን ሲሠራና ልጁን ሲያስተምር ቈይቶአል። ይህ የላብ ፍሬ ስለ ሆነ አልነቅፈውም። ነገር ግን ዲከረንስን የሚተክለው እጅና የሚቈርጠው እጅ አንድ ነው። ጽድን ወይም ዝግባን የሚተክል ሽማግሌ ግን በጥላው እንደማይቀመጥ ያውቃል። ለራስ መትከል ትጋት ነው፤ ፊቱን ለማታየው ሰው መትከል ግን እምነት ነው።

እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፥ በዐጸዱ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ሲካብ ድንጋይ ለመሸከም አትታክት። ከብትህን ከልክል። ከአሮጌው ዛፍ ዘር ለቅመህ አፍላ፥ ክረምት ሲገባም ትከል።

ቡቃያ የሚባለው ግን ዛፍ ብቻ አይደለም። በቅዳሴ ጊዜ በደጅ ቆሞ የሚሰማውን የማያስተውለው ልጅ እርሱ ደግሞ ቡቃያ ነው። ስለ ጾሙና ስለ በዓሉ፦ ለምን? ብሎ ቢጠይቅህ፥ አባቶቻችን እንዲህ አደረጉ ብለህ ብቻ አትመልሰው፤ ስለ ምን እንዳደረጉት ንገረው። በቤቱ አገውኛ የሚናገር ከሆነ በአገውኛ ንገረው። በቍጣ የተመለሰ ልጅ በሬ እንደ ረገጠው ቡቃያ ነው፤ ዳግመኛ ቀና ማለት ይቸግረዋል።

በሚመጣው እሑድ ወደ ዐጸዱ ስትገባ ቀና ብለህ ስለ አባቶችህ እግዚአብሔርን አመስግን። ከዚያም ዝቅ ብለህ ከዛፉ ሥር ተመልከት። ቡቃያ ብታገኝ ጠብቀው፤ ባታገኝ ግን ሌላውን ከመውቀስህ በፊት፦ እኔ ምን ተከልሁ? ብለህ ራስህን መርምር።

የአባቶቻችን አምላክ ለልጆቻችንም አምላክ ይሁናቸው። አሜን።