የማይነበብ ምኞት



ባለፈው ዓመት ከዒድ ጥቂት ቀናት በኋላ እህቴ በማለዳ ስልክ ደወለችልኝ። «ድግምት ተደርጎብናል፤ ቶሎ ድረስ» አለችኝ። ኮልፌ ወደሚገኘው ቤቷ ስደርስ ከልጇ ፍራሽ ሥር ያገኘችውን ወረቀት በፌስታል ጠቅልላ፣ እጇን እንዳይነካት እየተጠነቀቀች አሳየችኝ። ወረቀቱ ላይ በጥቁር እስክሪብቶ የተሣለ ምልክት አለ። እግር፣ ቀለበትና ቀንድ የሚመስሉ መስመሮች ተጠላልፈው በአንድ ክብ ውስጥ ገብተዋል። ዐረብኛ አይደለም፤ አማርኛም አይመስልም።

እህቴ ማን እንዳስቀመጠው ለመገመት ብዙ አልተቸገረችም። በአንድ ግቢ የሚኖሩትን፣ ለአሥራ አንድ ዓመት ቡና አብራ የጠጣቻቸውን ጎረቤቷን ጠርጥራለች። ወረቀቱን ካገኘች ሦስት ቀን ሆኗታል። በሦስቱም ቀን የሴትዮዋን ሰላምታ አልመለሰችም።

ነገሩ በዚሁ ቢቀጥል የት እንደሚደርስ አላህ ያውቃል። ነገር ግን የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጇ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወረቀቱን በእጄ አይቶ ደነገጠና፣ «እማዬ፣ እኔ ነኝ የሣልኩት» አለ። እህቴ ተቀመጠች። እኔም ልጁን ወደ ውጭ ይዤው ወጣሁ።

«ሲጂል ይባላል፣ አጎቴ» አለኝ። ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብቦ የተማረው ነው። ቃሉ በላቲን «ማኅተም» ከሚለው የመጣ ነው። ዘዴውም እንዲህ ነው። ሰው የሚመኘውን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። የተደጋገሙትን ፊደላት ይሰርዛል፤ አንዳንዶች አናባቢዎቹንም ያወጣሉ። የቀሩትን እያጣመመና እያነባበረ፣ ዓረፍተ ነገሩ ተመልሶ እስከማይነበብ ድረስ፣ አንድ ሥዕል ያደርጋቸዋል። ቀጥሎ ልቡን ከሐሳብ ሁሉ ባዶ አድርጎ፣ ወይም ስሜቱ በእጅጉ በጋለበት ሰዓት፣ ምልክቱን ትኩር ብሎ ያየዋል። ይህን «ኃይል መሙላት» ይሉታል። በመጨረሻ ወረቀቱን ያቃጥላል ወይም ይደብቃል፤ ምኞቱንም ይረሳል። መርሳቱ የዘዴው ምሰሶ ነው። ምኞቱን እያስታወሰ ውጤቱን የሚጠባበቅ ሰው ሥራውን ያበላሻል ይላሉ።

«አንተስ ምን ብለህ ጻፍክ?» አልኩት። «ረስቼዋለሁ» አለኝ። ዓይኑን ግን ከመሬት አላነሳም።

በዚያች ሰዓት ለእኔ ቀላሉ መንገድ «ሐራም ነው፣ ቅደደው» ብሎ መሄድ ነበር። እንዲያውም ይህንኑ ብዬዋለሁ። ወረቀቱን ቀደደው። እኔ ግን ቤቴ ገብቼም ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም። ምክንያቱም የልጁ ሥዕል ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት የማውቀውን ሌላ ወረቀት አስታወሰኝ።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ አያቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በቆዳ የተሰፋ ሂርዝ በክንዴ አስረውልኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አንድ ማታ የወጣትነት ድፍረት ይዞኝ ሰፌቱን ፈታሁት። ውስጡ የቁርኣን አንቀጽ አገኛለሁ ብዬ ስጠብቅ ዘጠኝ ክፍል ያለው አራት ማዕዘን አገኘሁ። በላይኛው መስመር 4፣ 9፣ 2፤ በመካከለኛው 3፣ 5፣ 7፤ በታችኛው 8፣ 1፣ 6 ተጽፎበታል። ወደ ጎን ደመርኩት፤ 15 ሆነ። ወደ ታች ደመርኩት፤ 15። ከጥግ ወደ ጥግ ደመርኩት፤ አሁንም 15። በሒሳቡ ተደነቅሁ። ነገር ግን ይህ ድምር እኔን ከምን እንደሚጠብቀኝ የሚነግረኝ አንድም ቃል አላገኘሁበትም።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ የእህቴ ልጅ ያመጣው ነገር ባዕድ ነው ብለን ብቻ ልናልፈው አንችልም። ዘመናዊውን ሲጂል ያስጀመረው ኦስቲን ኦስማን ስፔር የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነው። የለንደን ፖሊስ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 ተወልዶ ገና በ17 ዓመቱ ሥራው በእንግሊዝ ንጉሣዊ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ለእይታ በቃ። ዘዴውን በ1913 ባሳተመው መጽሐፍ አብራራ። በ1941 መሥሪያ ክፍሉ በጀርመን ቦምብ ፈረሰበት፤ በ1956ም በድህነት ሞተ። ምኞትን በምልክት አማካይነት የሚፈጽም መንገድ አገኘሁ ያለ ሰው እንዲህ ኖሮ እንዲህ መሞቱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ከሞቱ በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ፒተር ካሮልና ጓደኞቹ የስፔርን ዘዴ አንሥተው በእንግሊዝ «የኬኦስ አስማት» የተባለውን እንቅስቃሴ መሠረቱ። ስኮትላንዳዊው የሥዕላዊ ልብ ወለድ ደራሲ ግራንት ሞሪሰንም ከ1994 እስከ 2000 ያወጣውን ተከታታይ ታሪክ እንዳለ እንደ አንድ ትልቅ ሲጂል እንዳሰበው ተናግሯል።

ከስፔር በፊት የነበረውን ስንመረምር ግን መንገዱ ወደ እኛው ሰፈር ያመጣናል። በአንደሉስ በዐረብኛ የተጻፈው «ጋየቱል ሐኪም» የተባለው የጥልሰም መጽሐፍ በ13ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በካስቲል ንጉሥ ትእዛዝ ተተርጉሞ አውሮፓ ገባ። ጀርመናዊው አግሪፓ በ1533 ባሳተመው መጽሐፍ የፕላኔቶችን ምልክቶች በቁጥር ማዕዘኖች ላይ መስመር እየዘረጋ ሲሥል፣ ማዕዘኖቹ ከዐረብ ሊቃውንት የተወረሱ ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ በእኔ ክንድ የታሰረው ባለ 15ቱ ማዕዘን ነው። ኢማም አል-ገዛሊ እንኳ ምጥ ለጠናባት ሴት ሰዎች ይጠቀሙበት እንደነበር ጠቅሰውታል። የአል-ቡኒም ስም ከፊደልና ከቁጥር ጥበብ ጋር እስከ ዛሬ ይነሣል። በአገራችን ክርስቲያን ወገኖች ዘንድ ደብተራዎች በብራና ላይ የሚሥሉት ዓይንና ፊት የሞላበት ሥዕል «ጠልሰም» ይባላል፤ ይህም ያው የዐረብኛው «ጢልሰም» ነው። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ከለንደን ያመጣው የመሰለን ነገር ብዙ አገር ዞሮ የተመለሰ የቀድሞ ጎረቤታችን ነው።

ለመሆኑ ነውሩ ምን ላይ ነው? ዘመናዊዎቹ ባለ ሲጂሎች ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። «እኛ ጂን አንጠራም፤ ጣዖት አናመልክም። ይህ የገዛ አእምሯችንን የምናሠራበት ዘዴ ነው» ይላሉ። ልጁም ይህንኑ ነግሮኛል። «አጎቴ፣ ሳይኮሎጂ እኮ ነው» ብሎኛል። ፈጥነን ልናጣጥለው አይገባም። ሰው ዓላማውን አጥርቶ ጽፎ ልቡን ቢሰበስብ የሚጠቀመው ነገር ሊኖር ይችላል። እኔም በሥራዬ የምሠራውን በወረቀት ሳልጽፍ ውዬ አላውቅም።

ይሁንና ሁለት ነገሮች አይዋጡልኝም።

የመጀመሪያው፣ በዚህ መንገድ እምነት ራሱ መሣሪያ መሆኑ ነው። በካሮል ትምህርት ሰው ለሥራው የሚመቸውን እምነት እንደ ካፖርት ይለብሳል፤ ሥራው ሲያበቃ ያወልቃል። ዛሬ አንዱን ይጠራል፣ ነገ ሌላውን። እውነት ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ቀርቶ ይሠራል ወይ የሚለው ብቻ ይቀራል። ለሙእሚን ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ኢማን እኛን ይገዛናል እንጂ እኛ አንገዛውም። አላህ (ሱ.ወ.) የጠየቅነውን ባይሰጠንም እናመልከዋለን። ባልሰጠን ቁጥር የምናወልቀው እምነት ቀድሞውንም ንግድ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ የምኞቱ አለመነበብ ነው። ዑለማዎቻችን ሩቅያ የሚፈቀድባቸውን ሦስት መስፈርቶች አስቀምጠዋል፤ ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ ይጠቅሷቸዋል። በአላህ ቃል፣ በስሞቹ ወይም በባሕርያቱ መሆን አለበት። በዐረብኛ ወይም ትርጉሙ በሚታወቅ ቋንቋ መሆን አለበት። ሩቅያው በራሱ ኃይል የሚሠራ ሳይሆን በአላህ ፈቃድ መሆኑን ማመን ያስፈልጋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሐቦች በጃሂሊያ ዘመን ይጠቀሙበት ስለነበረው ሩቅያ ሲጠየቁ በፊታቸው እንዲያቀርቡላቸው አዝዘዋል፤ ሺርክ እስከሌለበት ድረስም ፈቅደዋል። እንዲህ ያለው ጉዳይ ወደ ብርሃን ይወጣል፣ ይነበባል፣ ይመረመራል። ኢብኑ ኸልዱንም በ1377 በጻፉት ሙቀዲማ ሲሕርንና ጢልሰምን በሸሪዓ ፊት በአንድ የክልከላ ክፍል አስቀምጠዋቸዋል። የቁርኣን አንቀጽ ጽፎ በማንጠልጠል ጉዳይ እንኳ ከሰሐቦች ጀምሮ የሐሳብ ልዩነት እንደነበረ የታወቀ ነው። ማንም የማያነበውን ማንጠልጠል ግን ከዚያ ልዩነት ውጭ ነው።

ሲጂል የሚሠራው ደግሞ በተቃራኒው ነው። ካልተሰወረ አይሠራም፤ ባለቤቱ ራሱ እንኳ ምን እንደተመኘ መርሳት አለበት። እንግዲህ ያልታወቀ ምኞት በምን ይመዘናል? አንዱ የጎረቤቱን ሚስት ቢመኝ፣ ሌላው የባልደረባውን ወንበር ቢመኝ፣ ሌላዋ የማይወዳት ሰው ሳይወድ በግዱ እንዲወዳት ብትመኝ፣ ምልክቱ ሁሉንም እኩል ይሸፍናል። ምኞትን በግልጽ ቃል መናገር በራሱ ፍርድ ነው። ብዙ ምኞት ጮክ ተብሎ ሲነገር ባለቤቱን ያሳፍረዋል። ዱዓእ ያስተማረን አንዱ አደብ ይህ ነው። በአላህ ፊት ቆመን የምንለምነውን ስንጠራ፣ ልንለምነው የማይገባውን እንለያለን። ደግሞም እምቢ ሊለን የሚችል ሰሚ ፊት ነው የምንቆመው። ወረቀት እምቢ አይልም።

የማይነበብ ነገር ሌላም ጉዳት አለው። ያየው ሁሉ የራሱን ፍርሃት ያነብበታል። እህቴ በልጇ ምልክት ውስጥ የጎረቤቷን ክፋት አነበበች። በአገራችን በእንዲህ ያለ ወረቀት ሰበብ ስንት ጉርብትና ፈርሷል? ስንት ምራት ከአማቷ ተቆራርጣለች?

ወደ ልጁ ልመለስ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤቴ መጥቶ አደረ። ከዒሻእ ሰላት በኋላ ሻይ እየጠጣን ሳለን ሳልጠይቀው ተናገረ። «አጎቴ፣ አልረሳሁትም ነበር። በአማርኛ ነው የጻፍኩት፤ የሚሰረዝ ፊደል እንኳ አልነበረውም» አለኝ። የጻፈው ሁለት ቃል ነው፤ «አባቴ ይመለስ»። ሰባት ፊደል፣ አንዱም አይደገምም። ያን ጊዜ በወረቀቱ ላይ ያየሁት ቀለበት የ«ቴ» ቀለበት እንደነበረ ገባኝ።

አባቱ ሪያድ ከሄደ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ገንዘብ በየወሩ ይልካል። እኛም በየወሩ «ማሻ አላህ፣ ጥሩ አባት» እንላለን። ልጁ አባቱን ይናፍቅ እንደሆነ ግን እኔም፣ እናቱም፣ ቁርኣን ያስቀሩት ኡስታዙም አንድ ቀን ጠይቀነው አናውቅም። ባልተፈጸመም ጊዜ ጥፋቱን በራሱ ላይ አድርጓል። «መርሳት ስላቃተኝ ነው አባቴ ያልመጣው» ብሎ አምኗል። የሲጂል መንገድ ሲከሽፍ ምክንያቱ ሁልጊዜ ባለቤቱ ነው፤ የኛም አገር ክታብ ጸሐፊ «ይዘኸው መጸዳጃ ቤት ገብተህ ይሆናል» ይላል። አንድ የ17 ዓመት ልጅ አባቱን በመውደዱ፣ ሊረሳውም ባለመቻሉ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ስድስት ወር ሙሉ ተሸክሞታል።

ያን ማታ ከነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) የተሻለ የምነግረው አልነበረኝም። ልጃቸው ዩሱፍ ከጠፋባቸው በኋላ ለረጅም ዘመን አልረሱትም፤ ዓይናቸው እስኪጠፋ አለቀሱ። «አሁንም አልረሳኸውምን?» የሚሉ ነበሩ። እርሳቸው ግን ኀዘናቸውን በስሙ ጠርተው ለአላህ አቀረቡ። አለመርሳታቸው ሶብራቸውን አላፈረሰውም። «አንተም እንዲሁ በስሙ ጥራው፤ ለአላህም ንገር፣ ለአባትህም ደውለህ ንገረው» አልኩት።

ደወለ። እኔ ሌላ ክፍል ገባሁ። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም። አባቱ እስካሁን አልተመለሰም፤ የሥራ ውሉ አለ፣ ዕዳ አለ፣ የአሠሪው ፈቃድ አለ። ነገር ግን አሁን ጉዳዩ በቤቱ ውስጥ ይነገራል። ባልና ሚስቱም ስለ መመለሻው ጊዜ መነጋገር ጀምረዋል። እህቴም ለጎረቤቷ ቡና አፍልታ ዐፉ እንዲሏት ጠይቃለች። ሴትዮዋ ይቅር ብለዋታል፤ ይሁን እንጂ ያ ሦስት ቀን ከልባቸው ፈጽሞ እንዳልወጣ ፊታቸው ያስታውቃል።

ወላጆችና ኡስታዞች ሆይ! ልጆቻችን እንዲህ ያለ ምልክት ሲሥሉ ስናገኝ «ሐራም» ማለታችን ትክክል ነው፤ ሺርክ ቀላል ነገር አይደለምና። ግን እዚያ ላይ አናቁም። ወረቀቱን ከመቅደዳችን በፊት ምን ብለው እንደጻፉ እንጠይቃቸው። እኔ መጀመሪያ አስቀድጄ ኋላ በመስማቴ ልጁ ሁለት ሳምንት ተጨማሪ ብቻውን ተሸክሞታል። አላህ ይማረኝ።

ወላሁ አዕለም።